ምድጃ የሚጠፋበት ሌሊት

(ጥቅምት 21 ማታ አየርላንድ፣ ደብሊን ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ዛሬ የሌሊት ተረኛ የሆናችሁም አላችሁ። ከእንቅልፋችሁ ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስትመጡ መንገድ ላይ ልጆቹን አይታችኋል። ጭምብል አድርገው በር ያንኳኳሉ፣ ከረሜላ ይሰበስባሉ። ርችቱ እስከዚህ ይሰማል። ሃሎዊንን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአሜሪካ ፊልም ነው። ሥሩ ግን እዚሁ ነው፣ አሁን በተቀመጥንበት አገር። በ1845 የጀመረው የድንች ረሃብ አይሪሾችን በመርከብ ሲያሰድዳቸው በዓላቸውንም ይዘው ሄዱ። እዚህ ፋኖሱ የሚፈለፈለው ከተርኒፕ ነበር። ተርኒፕ ጠንካራ ሥራ ሥር ነው፣ ለመፈልፈል እጅ ያደክማል። አሜሪካ ሲደርሱ ትልቅና ለስላሳ ዱባ አገኙ። እኛም ጤፍ ስናጣ በሩዝ ዱቄት እንጀራ ጋግረናል።

የበዓሉ የድሮ ስም ሳዊን ነው። በአይሪሽ ቋንቋ ዛሬም የኖቬምበር ወር ሳዊን ይባላል። ሜይ ቤልታና ነው፣ ኦገስት ሉናሳ። ሦስቱ በዓላት የወር ስም ሆነው ቀሩ። አራተኛው ኢምቦልክ ይባላል፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ይውላል። ዓመቱን አራት ቦታ የሚቆርጡት በገበሬና በከብት አርቢ ዓይን ነው። በጓ የምትወልድበት፣ ከብቱ ወደ ግጦሽ የሚወጣበት፣ እሸቱ የሚደርስበት፣ ከብቱ ወደ ቤት የሚመለስበት።

አንድ ቃል ላይ ልቁም። እነዚህን በዓላት በአማርኛ ምን ብለን እንጥራቸው? መዝገበ ቃላቱ "አረማዊ" ይለናል። ቃሉ በእኛ አፍ ስድብ ነው። እዚህ አገር ራሳቸውን ፔገን ብለው በኩራት የሚጠሩ ሰዎች አሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጾሜን እጾማለሁ፣ እምነቴን የመቀየር ሐሳብ የለኝም። ግን የሰው አገር እንጀራ እየበላሁ የሰዎቹን አያት ቅድመ አያት በስድብ ስም ልጠራ አልወድም። ስለዚህ ዛሬ "የጥንት በዓላት" ነው የምለው።

ከደብሊን አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ቢኬድ፣ ሚዝ በሚባለው አውራጃ፣ አትቦይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማዋ አጠገብ ትላክታ የሚባል ኮረብታ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ዓይን አይጥልበትም። ሣር የለበሰ ነው፣ በግ ይግጥበታል። ሲወጡበት ግን በክብ በክብ የተቆፈረ የጥንት ቦይና የተቆለለ አፈር ከእግር ሥር ይታወቃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድን ታሪክ በአይሪሽ የጻፈ ጄፍሪ ኪቲንግ የሚባል ቄስ ነበር። ስለዚህ ኮረብታ ሲጽፍ፣ በሳዊን ዋዜማ እዚያ ላይ ታላቅ እሳት ይነድድ ነበር ይላል። በዚያች ሌሊት በመላው አየርላንድ ያለ ምድጃ ሁሉ ይጠፋል። ከኮረብታው እሳት ካልተወሰደ በቀር ማንም እሳት ማንደድ አይፈቀድለትም።

ኪቲንግ ይህን የጻፈው ክርስትና አገሩ ከገባ ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ልክ እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም። የታሪክ ሰዎችም ይጠነቀቃሉ። ታሪኩን ያወራው ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምድጃ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

እዚህ ገጠር ያደጋችሁ እናቶች አላችሁ። ለእናንተ ምድጃ አይተረክም። ማታ እሳቱ በአመድ ይዳፈናል። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ረመጡ ይገኛል። ጭራሮ ጣል ይደረግበታል፣ እፍ ይባላል፣ ይያያዛል። የተዳፈነው ሞቶ ካደረ ገል ተይዞ ጎረቤት ይኬዳል። "እሳት ልጭር ነው የመጣሁት" ይባላል። እኔም ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተልኬአለሁ። ገሉ እየፋጀኝ፣ ፍሙ እንዳይጠፋብኝ እየሮጥኩ። አየርላንድም ከዚህ አይለይም ነበር። ከረግረግ መሬት ቆርጠው ያደረቁትን ጥቁር አፈር ያነድዳሉ። ማታ በአመድ ያዳፍኑታል፣ ሲያዳፍኑም ቅድስት ብሪጅድን ቤቱን ጠብቂልን እያሉ ይጸልያሉ።

እስቲ አሁን አስቡት። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቂው የኖርሽውን እሳት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ በጣም በሚያስፈልግሽ ሰዓት፣ በገዛ እጅሽ ታጠፊዋለሽ። ቤቱ ይጨልማል። ልጆቹ ይበርዳቸዋል። ወጥተሽ ከመንደሩ ሁሉ ጋር ወደ አንድ ኮረብታ ታያለሽ። በዚያች ሰዓት የሀብታሙም የድሃውም ምድጃ እኩል ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤት እሳት ልጫር እንዳትዪ ጎረቤትም የለውም። ጠዋት በየቤቱ የሚነድደው እሳት የአንድ እሳት ልጅ ይሆናል።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ዛሬ ስለ መለወጥ ብዙ ይወራል። ዩቲዩብ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ በየአዲስ ዓመቱ ዋዜማ። ግብህን ጻፍ፣ በሌሊት ተነሣ፣ ይህን ጀምር፣ ያንን ጨምር። ሁሉም መደረብ ነው። አሮጌው ከሥር እንዳለ አዲሱ ከላይ ይደረባል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይሉ የለ? ሳዊን የሚያከብሩት ሰዎች ከማጥፋት ይጀምራሉ። ብቻቸውንም አያጠፉም። አንድ ሰው ብቻውን ምድጃውን ቢያጠፋ የሚያተርፈው ብርድ ነው። አገሩ አብሮት ሲያጠፋ በዓል ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። በዓሉ የሚገባው ማታ ነው። ዩልየስ ቄሳር በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ ይኖሩ ስለነበሩት የጎል ሰዎች ሲጽፍ ጊዜን የሚቆጥሩት በሌሊት ነው፣ ሌሊቱ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል ብሏል። ጎሎች በቋንቋ የአይሪሾች ዘመድ ናቸው። ዋዜማ ለሚቆም ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

እዚህ አገር የገባሁት በኖቬምበር ነው። የእኛ ሰዓት ፀሐይን ይከተላል። አገር ቤት ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አትዛነፍም። እዚህ ዲሴምበር ላይ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው የምትወጣው። 10 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ገብታለች። ሰዓቴና ፀሐይ ተለያዩ። ቀስ በቀስ ዓመቱም ከእጄ ወጣ። መስከረም ያለ አደይ መጥቶ ሄደ። ጾም መግባቱን የማውቀው ከስልኬ ነበር። ሥራ፣ አውቶቡስ፣ እንቅልፍ፣ ሥራ። ሁሉም ቀን አንድ ቀን ሆነብኝ።

እናቴ ያረፈችው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። መርዶው በስልክ መጣ። ወረቀቴ አላለቀም፣ መሄድ አልቻልኩም። እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ይህን እንደምታውቁት አውቃለሁ። ፍራሽ አልተነጠፈም። ልቅሶ አልተቀመጥኩም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ዳፈንኩት። የተዳፈነ ነገር ደግሞ ከሥር ይፋጃል።

ያን ጊዜ የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነበር። አንዲት ከ90 ዓመት ያለፉ ሴትዮ ነበሩ፣ ገጠር ተወልደው ያደጉ። እንደዛሬው ባለ ሰሞን፣ አንድ ማታ፣ እራት አብልቼ ልወጣ ስል "እሳቱን አታጥፊው፣ በሩንም አትቆልፊው" አሉኝ። ግራ ገባኝ። መቆለፍ ግዴታዬ ነበር። ቁጭ በይ አሉኝና ነገሩኝ። እናታቸው በዚህ ሰሞን ማታ እሳቱን ደህና አድርገው ያነድዱ ነበር። ወንበሮቹን ወደ ምድጃው ያዞራሉ። ንጹሕ ውሃ በሳህን ያስቀምጣሉ። በሩን ሳይቀረቅሩ ይተኛሉ። የቤቱ ሙታን ለአንድ ሌሊት ይመለሳሉ ይባል ነበር። መንገድ ሄደው ነው የሚመጡት፣ ብርዷቸዋል፣ ጠምቷቸዋል።

ከዚያ "የአንቺስ ማን አለ?" አሉኝ።

"እናቴ" አልኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ያልኩት ያን ቀን ነው። ስሟን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ለመጥራት ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። "ለእሷም ወንበር አዙሪላት" አሉኝ። አዞርኩ። አዙሬ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሴትዮዋ ዝም ብለው ጠበቁኝ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በሩን ቆልፌ ወጣሁ፣ ቁልፉ የሥራዬ ነው። እሳቱን ግን አላጠፋሁትም። ደህና አድርጌ ከልዬ ተውኩት። ቤቴ ገብቼ በሌሊት ቡና አፈላሁ። ለብቻዬ ቡና አፍልቼ አላውቅም ነበር። አንድ ስኒ ለእናቴ ቀዳሁ። በኋላ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው እንዲቆጡኝ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ለሙታን መጸለይ የእኛም ነው፣ ተዝካሯን አውጪላት አሉኝ። አወጣሁ። ከሞተች ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እዚህ አገር ሰው የሆንኩት ብል አላጋነንኩም። ቋንቋ ትምህርት የተመዘገብኩት፣ ከእናንተ ጋር የተዋወቅኩት፣ ሁሉም ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ሳዊን ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ካነበብኩት ውስጥ ያስደነቀኝ አንዱ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው። በተለይ በሰሜኑ ክፍል ሜይና ኖቬምበር ላይ የሠራተኛ ገበያ ይቆም ነበር። አሽከርና ገረድ ለስድስት ወር ይዋዋላል። ስድስት ወር ሲያልቅ ሒሳቡን ይቀበልና ወይ ይቀጥላል ወይ ጌታ ይለውጣል። ክፉ ጌታ የገጠመው ልጅ የሳዊንን መምጣት በምን ዓይነት ጉጉት እንደሚጠብቅ አስቡት። መታደስ የነፍስ ብቻ ነገር አልነበረም፣ የደመወዝና የመኝታ ቦታም ነበር።

ከሳዊን ስድስት ወር ወዲያ ቤልታና አለ። ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23፣ የጊዮርጊስ ቀን። ስለ እሱ የጻፈልን አንድ ጳጳስ ነው። ኮርማክ ይባላል፣ የማንስተር ግዛት ንጉሥም ጳጳስም ነበር፣ በ908 ሞተ። በእሱ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ መዝገበ ቃላት ላይ እንዲህ ተብሏል፦ ድሩይድ የሚባሉት የጥንት ካህናት ሁለት ታላላቅ እሳቶች ያነድዳሉ፣ ይደግሙባቸዋል፣ ከዚያ ከብቱ ከበሽታ እንዲጠበቅ በሁለቱ መካከል ይነዳል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ በጋ ግጦሽ የሚወጣው።

ላም በሁለት እሳት መካከል ነድታችሁ ታውቃላችሁ? አትሄድም። ትፈራለች፣ ወደ ኋላ ትላለች፣ ዓይኗ ይገለበጣል። የሚነዳት ሰው አብሯት መግባት አለበት። እሱም ወላፈኑ ይገርፈዋል። መስኩ ከወዲያ ነው ያለው፣ መንገዱ ግን በእሳቱ መካከል ነው። በኋለኞቹ ዘመናትም ወጣቶች የቤልታናን እሳት እየዘለሉ ይሻገሩ ነበር። ልጃገረዶች በማለዳ ጤዛ ፊታቸውን ይታጠባሉ።

በዚያ ቀን ደግሞ ከቤት እሳት አይሰጥም። ወተትም ቅቤም አይሰጥም። የቤቱ ዕድል አብሮ ይወጣል ተብሎ ይፈራል። እሳት መጫር ለለመድን ለእኛ ይህ ይከብዳል። በሳዊን ሁሉም ከአንድ እሳት ይወስዳል፣ በቤልታና ሁሉም የራሱን ይዞ በሩን ይዘጋል። በመጀመሪያ ደስ አላለኝም። አሁን ሳስበው ግን አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ችሎ ሲቆም ለጥቂት ቀን በሩን መዝጋት ያስፈልገዋል። ቤልታና ካለፈ በስምንተኛው ቀን እኛ ዘንድ ግንቦት ልደታ ነው። ንፍሮው ውጭ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ይበላል። ሁለቱ በዓላት ይዛመዳሉ አልልም። የሁለቱንም ጭስ ያሸተተ ሰው ግን ዝም ብሎ ማለፍ ይቸግረዋል።

ስለ ሉናሳ ብዙ አልናገርም። የአዝመራ በዓል ነው፣ ተራራ ይወጣበታል። በምዕራብ ሜዮ አውራጃ ክሮክ ፓትሪክ የሚባል 764 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ዛሬ በጁላይ የመጨረሻ እሑድ ክርስቲያኑ በቅዱስ ፓትሪክ ስም ይወጣዋል። በባዶ እግሩ የሚወጣም አለ። ድንጋዩ ስለት ነው፣ ጫማ አድርጌ እንኳ እግሬ ቆስሏል።

ዲሴምበር 21 ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ታኅሣሥ 12 ማለት ነው፣ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት። ኒውግሬንጅን የጎበኛችሁ ትኖራላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተሠራ መቃብር ነው። ከጊዛ ፒራሚዶች ይበልጣል በዕድሜ። ሳዊንን ያከበሩት ሰዎች ገና ያልታሰቡ ነበሩ። ወደ ውስጥ 19 ሜትር የሚሆን ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያ አለው። ከበሩ በላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በ1967 ቦታውን ቆፍረው ያጠኑት ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ በዚያ ቀን ማለዳ ብቻቸውን ገብተው በጨለማ ተቀመጡ። ፀሐይ ስትወጣ አንዲት የብርሃን ዘንግ በቀዳዳዋ ገብታ መሬቱን እየላሰች እስከ ጓዳው መጨረሻ ደረሰች። 17 ደቂቃ ቆየች። ከዚያ ወጣች። ዓመት ሙሉ ለሚጨልም ቤት 17 ደቂቃ። ያንን ድንጋይ ተሸክመው ያቆሙ ሰዎች ለሙታናቸው ይህንን ተመኝተውላቸዋል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የእናት ልቅሶ የለም።

ዛሬ እነዚህን በዓላት እንደገና የሚያከብሩ ብዙ ናቸው። ስምንት በዓል ያለው "የዓመት መንኮራኩር" የሚሉት አላቸው። አራቱ የነገርኳችሁ ናቸው፣ አራቱ ደግሞ የፀሐይ መመለሻና የቀንና ሌሊት እኩልነት ቀኖች ናቸው። ስምንቱ አንድ ላይ የተደረደሩት በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ የዘመኑን የፔገን እምነት ባስፋፉት በጄራልድ ጋርድነርና በሮስ ኒኮልስ ዘመን። ታሪክ ጸሐፊው ሮናልድ ሃተን ጥንት ስምንቱን ሁሉ አንድ ላይ ያከበረ ሕዝብ እንደነበር ማስረጃ እንደሌለ በደንብ አሳይቷል። ለእኔ ይህ አያሳንሳቸውም። ሰው ዓመቱ ሲበተንበት መልሶ ይሰፋዋል፣ እኛም እያደረግን ያለነው ያንኑ ነው። የማይመቸኝ ሌላ ነው። ሻማ፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ፣ ቆንጆ ማስታወሻ ደብተር ገዝቶ ክፍል ዘግቶ ለብቻ "መታደስ"። ትላክታ ላይ የቆመ ሰው ጎረቤቱ አጠገቡ ነበር።

የቀረኝ ኢምቦልክ ነው። ፌብሩዋሪ 1፣ ጥር 24፣ እኛ ዘንድ ሰባረ አጽሙ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት። በጎች የሚወልዱበት፣ ግታቸው ወተት የሚይዝበት ሰሞን ነው። ቀኑ የብሪጅድ ነው። ብሪጅድ በጥንቱ የባለቅኔዎች አምላክ ነበረች፣ በኋላ ደግሞ በዚያው ስም ኪልዴር የምትባል ከተማ ቅድስት አለች። ከ2023 ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ በዓል ሆኗል። የምታርፉበት ያ የፌብሩዋሪ ሰኞ የእሷ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኪልዴርን ያየ ጄራልድ የሚባል የዌልስ ቄስ የማይጠፋ እሳት እዚያ እንደነበር ጽፏል። 19 መነኮሳት በየተራ አንድ አንድ ሌሊት ይጠብቁታል። በ20ኛው ሌሊት የመጨረሻዋ መነኩሲት እንጨቱን አጠገቡ ታስቀምጥና "ብሪጅድ፣ ተራሽ ነው" ብላ ትሄዳለች። ጠዋት እንጨቱ ነድዶ፣ እሳቱም ሳይጠፋ ይገኛል።

ይህ እሳት በኋላ ጠፍቶ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ። በ1993 የብሪጅድ ስም ያላቸው መነኮሳት ኪልዴር ላይ እንደገና አበሩት። አሁንም ይነድዳል።

ሌሊት መሥራት የምታውቁ እህቶቼ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። 19 ሌሊት ተራ ገብተሽ፣ 20ኛውን የሚይዝልሽ ሰው ሲኖር።

ስለዚህ በጥር 24 ኪልዴር እንሄዳለን። ከተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እንነሣለን። እስካሁን ሁለት መኪና አለን፣ የሦስት ሰው ቦታ ቀርቷል። ልጆች ያላችሁ ይዛችኋቸው ኑ። ብርድ ነው፣ ወፍራም ካልሲ አድርጉ። እዚያ ያሉትን መነኮሳት እንጠይቃለን፣ ከፈቀዱልን ሻማችንን ከእሳቱ እናበራለን። ፋኖስ ያለው ሰው ይያዝ። መንገድ ላይ ነፋስ አለ።